የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአየርላንድ የክለቦች ዋንጫ እና የጎንደር ሜዳ

ለዚህ እትም ከጎንደር ከተማ የደረሱንን ጥያቄዎች መርጠናል። ሁሉም በእጅም በእግርም ስለሚጫወቱት የአየርላንዱ የኳስ ጨዋታ፣ ስለ ጌሊክ ፉትቦልና ስለ ክፍለ ሀገር የክለቦች ሻምፒዮናው ናቸው። ገሚሶቹ ጠያቂዎች ጨዋታውን በስልክ እያዩ ግር ያላቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ በትምህርት ቤትና በቀበሌ ሊጀምሩት ያሰቡ ናቸው። ለኋለኞቹ ሰፋ አድርገን መልሰናል። የአየርላንዱን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የጎንደሩን በእኛው ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የሚኖረው አየርላንድ ነው። በደወለ ቁጥር «የካውንቲ ሻምፒዮን»፣ «የአልስተር ሻምፒዮን» እያለ ያወራኛል። የሚጫወተው ክለብ ነው ወይስ ክልል? ውድድሩስ መቼ ተጀምሮ መቼ ያልቃል? (ከማራኪ)

ክለቡም ካውንቲውም ይጫወታል፤ ወቅታቸው ግን ለየብቻ ነው። አየርላንድ በስፖርቱ 32 ካውንቲና 4 ክፍለ ሀገር ናት። አልስተር 9፣ ለንስተር 12፣ መንስተር 6፣ ኮናክት 5 ካውንቲ ይይዛሉ። የመንግሥት ድንበር ይህን አከፋፈል አያግደውም፤ ከአልስተር 9 ካውንቲዎች 6ቱ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ፣ ዶኔጋል፣ ካቫንና ሞናሃን ደግሞ ሪፐብሊኩ ውስጥ ሆነው ለአንድ ዋንጫ ይፋለማሉ። የበላይ አካሉ በ1884 ተርልስ በምትባል ከተማ የተመሠረተው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ነው።

ከ2022 ጀምሮ የውድድር ዓመቱ ለሁለት ተከፍሏል። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ግድም ሜዳው የካውንቲ ምርጥ ቡድኖች ነው። ከዚያ በኋላ ምርጦቹ ተበትነው እያንዳንዱ ወደየክለቡ ይመለስና የካውንቲው የክለቦች ሻምፒዮና ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይካሄዳል። የካውንቲው አሸናፊ ክለብ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባለው ጊዜ በክፍለ ሀገር ደረጃ ይጫወታል፤ ወንድምዎ «የአልስተር ሻምፒዮን» የሚለው የዚህን ዙር አሸናፊ ነው። ከአራቱ ክፍለ ሀገሮች የወጡት አራት ክለቦች በጃንዋሪ መጀመሪያ ግማሽ ፍጻሜ፣ በዚያው ወር ደብሊን በሚገኘውና 82,300 ሰው በሚይዘው ክሮክ ፓርክ ፍጻሜ ያደርጋሉ። ፍጻሜው ቀድሞ የሚውለው በቅዱስ ፓትሪክ ቀን፣ ማርች 17 ነበር። ወደ ጃንዋሪ የመጣው በ2020 ነው። የ2025ቱ ፍጻሜ ጃንዋሪ 19 ዋለ፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2017 መሆኑ ነው። ጎንደር ጥምቀትን ስታከብር በዋለችበት ዕለት የደብሊኑ ኩላና የታይሮኑ ኤሪጋል ኪራን ክሮክ ፓርክ ላይ ነበሩ።

ውድድሩን ከሌላው የሚለየው ከክፍለ ሀገር ደረጃ ጀምሮ ሁሉም ጥሎ ማለፍ መሆኑ ነው። በካውንቲው ውስጥ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈ ክለብ በኅዳር አንድ መጥፎ ከሰዓት ካጋጠመው ዓመቱ አለቀ፤ የመልስ ጨዋታ የለም። ከዋናው ምድብ በታች ያሉት መካከለኛውና ጁኒየሩ ደረጃዎችም የየራሳቸው የክፍለ ሀገርና የአገር አቀፍ ዋንጫ አላቸው። ስለዚህ የአንዲት መንደር ክለብ ከእኩያው ጋር እየተጋጠመ እስከ ክሮክ ፓርክ ሊዘልቅ ይችላል። የዚህ ውድድር ትልቁ ጥበብ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ የ2025ቱ ፍጻሜ 3-14 ለ 1-16 ይላል። 16 ከ14 ይበልጣል፤ ታዲያ እንዴት ባለ 16ቱ ተሸነፈ? (ከአራዳ)

ከሰረዙ በፊት ያለው ጎል፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ነጥብ ነው። ግቡ የኤች ቅርጽ አለው። ኳሱ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባ ጎል ይባልና 3 ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካለፈ 1 ነጥብ ነው። ስለዚህ የኩላ 3-14 ሲሰላ 9 ሲደመር 14፣ ማለትም 23 ይሆናል። የኤሪጋል ኪራን 1-16 ደግሞ 3 ሲደመር 16፣ 19 ነው። ኩላ በ4 አሸንፏል።

ጨዋታው እየተካሄደ በፍጥነት ለማስላት የጎሉን ልዩነት በ3 አባዝተው የነጥቡን ልዩነት ይቀንሱለት ወይም ይደምሩለት። እዚህ ላይ 2 ጎል ብልጫ 6 ነው፤ ተጋጣሚው በነጥብ 2 ይበልጣል፤ 4 ይቀራል።

በዚያው ዓመት ከዚህ ፍጻሜ በኋላ ሕጉ ተሻሽሏል። ከግቡ 40 ሜትር ላይ ከተሰመረው ቅስት ውጭ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ የሚያልፍ ኳስ አሁን 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ሲጻፍ ከሰረዙ በኋላ ባለው ቁጥር ውስጥ ይደመራል። በየግቡ ጥግ ነጭ ካፖርት ለብሰው የሚቆሙትን ሁለት ሰዎች ካዩ ውጤቱን ከባንዲራቸው ይለዩታል፤ አረንጓዴ ጎል፣ ነጭ 1 ነጥብ፣ ብርቱካናማ 2 ነጥብ ነው።

ጥያቄ፦ አዘዞ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ሜዳችን ለእግር ኳስም ጠባብ ነው፤ 90 በ55 ሜትር ይሆናል። የጌሊክ ኳስ የለንም፣ የኤች ግብም የለንም። ከ14 እስከ 17 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ጨዋታውን ማስጀመር ይቻላል? ከምን ልጀምር? (ከአዘዞ)

ይቻላል፤ ሜዳዎም ይበቃል። ሙሉው ሜዳ ከ130 እስከ 145 ሜትር ርዝመት፣ ከ80 እስከ 90 ሜትር ስፋት አለው፤ ያ ግን ለ15 ተጫዋች ነው። ሰባት ለሰባት፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድም ይጫወቱታል። ለእርስዎ ሜዳ 9 ለ 9 ይመጥናል፤ አንድ በረኛ፣ ሦስት ተከላካይ፣ ሁለት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ።

*ግቡ።* ትክክለኛው ግብ በቋሚዎቹ መካከል 6.5 ሜትር፣ እስከ አግዳሚው 2.5 ሜትር ሲሆን ቋሚዎቹ ቢያንስ 7 ሜትር ይረዝማሉ። የእግር ኳሱ ግብ 7.32 በ2.44 ስለሆነ ልዩነቱ አያስቸግርም፤ ሁለቱም ወገን እኩል እስከሆነ ድረስ ያለዎትን ግብ ይጠቀሙ። የጎደለው ከአግዳሚው በላይ ያለው ቋሚ ብቻ ነው። ለዚህ 8 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና አራት ይፈልጋሉ። ከእያንዳንዱ የግብ ቋሚ ጀርባ 1 ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው አጣናውን ይትከሉና ዙሪያውን በድንጋይ ይጥቅጥቁት። ብዙዎች የሚሳሳቱት አጣናውን በሽቦ ከግቡ ጋር ብቻ በማሰር ነው። መሬት ላይ በተቀመጠ ተነቃናቂ ግብ ላይ ይህን ያህል ረጅም እንጨት ሲታሰር ነፋስ ጫፉን ይገፋውና ግቡን ገልብጦ ልጅ ላይ ይጥለዋል። አጣናው በራሱ ጉድጓድ መቆም አለበት፤ ሽቦው ለማጠጋጊያ ብቻ ነው።

ግቡን ከነጭራሹ ከአጣና የሚሠሩ ከሆነ አግዳሚውን በገመድ አይተኩ። 6.5 ሜትር ገመድ የቱንም ያህል ቢወጠር መሐሉ ይረግባል፤ ኳሱ በላይ አለፈ በታች የሚለው ክርክርም ጨዋታውን ይበላዋል። ቀለል ያለ አጣና በምስማርና በሽቦ ያጋድሙ።

*መስመሩ።* ከግቡ መስመር 13 እና 20 ሜትር ላይ ያሉትን መስመሮች ያስምሩ። በትልቁ ሜዳ 45 ሜትር ላይ የሚሰመረውን ለእርስዎ 30 ሜትር ላይ ያድርጉት። ይህ መስመር አስፈላጊ ነው፤ ተከላካይ ኳሱን በራሱ የግብ መስመር ሲያስወጣ እንደ ማዕዘን ምት ከጥግ አይመታም፤ ኳሱ በወጣበት አቅጣጫ ከዚህ መስመር ላይ ይመታል። የሜዳው ጥግ ቀጥ ያለ እንዲሆን ገመድ ላይ 6፣ 8 እና 10 ሜትር ለክተው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ 6ቱና 8ቱ የሚገናኙበት ትክክለኛው ጥግ ነው። ለማስመሪያ ውሃ ያልነካው ጥሬ ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ተማሪ አያስይዙ።

*ኳሱ።* የጌሊክ ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ5 ቁጥር እግር ኳስ ጋር እኩል ነው። ክብደቱ ግን ከ480 እስከ 500 ግራም ሲሆን እግር ኳሱ ከ410 እስከ 450 ነው። ስለዚህ ያለዎት 5 ቁጥር ኳስ ይሠራል፤ ትንሽ ስለሚቀል ነፋስ ይወስደዋል፣ ከእግር ላይም ከፍ ብሎ ይነሣል። በጣም አይንፉት። የመረብ ኳስ አይሞክሩ፤ 280 ግራም እንኳ ስለማይሞላ ልጆቹ የለመዱት የምት ኃይል ሁሉ ይበላሻል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ የተመታ ኳስ ከአየርላንዱ ይልቅ ርቆ ይሄዳል። በዚህ ምክንያትም፣ በሜዳው ጥበት ምክንያትም የ2 ነጥቡን ሕግ በመጀመሪያው ዓመት ባይጠቀሙበት እንመክራለን፤ አለዚያ ሁሉም ከሩቅ መምታት ብቻ ይለምዳል።

*ክህሎቱ።* በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄዱ ልጆቹ ለጨዋታ ይደርሳሉ።

መጀመሪያ ኳስን ከጭንቅላት በላይ መያዝ። ሁለቱ አውራ ጣቶች ሊነካኩ ምንም ሳይቀራቸው ጣቶቹ ከኳሱ ጀርባ ይዘረጋሉ። አውራ ጣቶቹ ከተራራቁ ኳሱ በመሐላቸው ሾልኮ ፊት ይመታል።

ቀጥሎ የእጅ ቅብብል። ኳሱ በአንዱ መዳፍ ላይ ያርፋል፤ ሌላው እጅ በጭብጥ ወይም በመዳፉ ተረከዝ ይመታዋል። ዳኛው ምቱን በግልጽ ማየት አለበት። የቅርጫት ኳስ የለመደ ልጅ ሁሉ እዚህ ላይ ይወረውራል፤ መወርወር ጥፋት ነው። ኳሱን የያዘው እጅ ከምቱ በፊት እንዳይንቀሳቀስ ካደረጉ ውርወራው በራሱ ይጠፋል።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ኳስን እየሮጡ ከእግር ወደ እጅ መመለስ። ኳስ የያዘ ተጫዋች ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ አይችልም። ከዚያ በፊት ወይ መሬት ያነጥራል፣ ወይ በእግሩ ነክቶ ወደ እጁ ይመልሳል። ማንጠር ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አይፈቀድም፤ በእግር መመለስ ግን የፈለገውን ያህል ይቻላል። በቀኝ እግር ከሆነ ኳሱ ከቀኝ እጅ፣ ከወገብ ከፍታ ይለቀቃል። ቁርጭምጭሚቱ ጠንክሮ የእግሩ ጣት ወደ ላይ ይቀናል፤ ኳሱ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ደረት ላይ ይመጣል። ኳሱ ወደ ፊት ከፈረጠጠ የልጁ የእግር ጣት ወደ ታች አጎንብሷል ማለት ነው። ወደ ጎን ከሄደ ኳሱን በግራ እጁ ለቆ በቀኝ እግሩ እየነካ ነው። ቆሞ በእያንዳንዱ እግር 20 ጊዜ፣ ቀጥሎ እየተራመደ፣ በመጨረሻ 20 ሜትር እየሮጠ ይለማመድ። እርምጃውን ጮክ ብለው ያስቆጥሩ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ንካ!»። ከጥር እስከ መጋቢት ሜዳው ደርቆ ጠጠር ሲያወጣ የሚነጥር ኳስ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ስለዚህ በእግር መመለሱን ከማንጠሩ አስበልጡ።

አራተኛው ኳስን ከመሬት ማንሣት ነው። በእጅ በቀጥታ ማንሣት ጥፋት ነው። የእግር ጣት ከኳሱ ሥር ገብቶ ሲያነሣው እጆቹ እዚያው ዝቅ ብለው ይቀበሉታል። ልጆቹ በመጀመሪያው ወር በብዛት የሚቀጡት በዚህ ይሆናል።

መቀማትን መጨረሻ ላይ ያስተምሩ። የሚፈቀደው በተከፈተ እጅ ኳሱን መምታትና ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት ነው፤ ማልያ መያዝ፣ ማቀፍ፣ ከኋላ መግፋት ክልክል ነው። ዕድሜያቸው ለተለያየ ተማሪዎች በመጀመሪያው ወር የትከሻ ግጭቱን ያቆዩት። ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ለመነሻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ የቀበሌ ቡድኖች፣ አንድ ሜዳ፣ ስድስት እሑዶች አሉን። አልስተርም ዘጠኝ ካውንቲ አለው ይባላል። እነሱ ዘጠኙን እንዴት ነው የሚያጋጥሙት? እኛስ ብንቀዳው ያዋጣናል? (ከፒያሳ፣ የወጣቶች ውድድር ኮሚቴ)

አልስተር ዘጠኙን በጥሎ ማለፍ ነው የሚያጋጥመው። በዕጣ ሁለት ክለቦች ለቅድመ ዙር ይወጣሉ፤ ሰባቱ አራፊ ናቸው። ከቅድመ ዙሩ አሸናፊ ጋር ስምንት ይሆኑና አራት ሩብ ፍጻሜ፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ፣ አንድ ፍጻሜ ይደረጋል። ጠቅላላው 8 ጨዋታ ነው፤ በጥሎ ማለፍ ምንጊዜም የጨዋታው ብዛት ከቡድኑ ብዛት በአንድ ያንሳል። ለሌላ ቁጥር አራፊውን ለማወቅ ከ4፣ 8፣ 16፣ 32 መካከል ከእናንተ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ውሰዱና የቡድናችሁን ብዛት ቀንሱ። መንስተር 6 ስለሆነ 8 ሲቀነስ 6፣ ሁለት አራፊ አለው።

ለእናንተ ግን ይህን አንመክርም። ከዘጠኙ አራት ወይም አምስት ቡድን አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ይሰናበታል። ወር ሙሉ ተለማምዶ፣ ማልያ አዋጥቶ በ50 ደቂቃ ለተሰናበተ ወጣት በሚቀጥለው ዓመት ና ማለት ይከብዳል። አየርላንዶችም ክለብን በቀጥታ ወደ ጥሎ ማለፍ አይወረውሩም፤ በአብዛኞቹ ካውንቲዎች መጀመሪያ የምድብ ጨዋታ አለ። የክፍለ ሀገሩ ጭካኔ የሚያምረው ከምድቡ በኋላ ስለሚመጣ ነው።

እንዲህ አድርጉት። ዘጠኙን በዕጣ ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ በሦስት ምድብ ክፈሉ። ዕጣው የየቡድኑ አምበል ባለበት በአደባባይ ይውጣ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት እሑዶች በየቀኑ ከእያንዳንዱ ምድብ አንድ፣ በጠቅላላ ሦስት ጨዋታ ይደረጋል። በዚህ አካሄድ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንድ እሑድ ያርፋል። አራተኛውን እሑድ ባዶ ተዉት፤ ዝናብ ወይም ለቅሶ ያስተጓጎለው ጨዋታ መሙያ ነው። ባዶ ቀን ያልያዘ ፕሮግራም አንድ ጨዋታ በተዛወረ ቁጥር ፍጻሜውን ይገፋዋል። የሦስቱ ምድብ አንደኞችና ከሁለተኞች የተሻለው በአምስተኛው እሑድ ግማሽ ፍጻሜ፣ በስድስተኛው ፍጻሜ ይጫወታሉ። 12 ጨዋታ ይሆናል።

በምድብ ሁለት ቡድን እኩል ከወጣ እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ ይለያቸዋል። ሦስቱም አንድ አንድ ካሸነፉ ግን ካስቆጠሩት ላይ የገባባቸው ይቀነሳል፤ ጎሉን ወደ 3 ነጥብ ቀይሮ መደመርን አትርሱ። ይህን ሕግ ከዕጣው በፊት ጽፋችሁ አስፈርሙ። ከጨዋታ በኋላ የወጣ የመለያ ሕግ ትክክል ቢሆንም ማንም አይቀበለውም።

ሰዓቱን በጥንቃቄ አስሉ። የክለብ ጨዋታ እዚያ 60 ደቂቃ ነው፤ ለእናንተ ሁለት ጊዜ 25 ያዋጣል። ከዕረፍትና ከመግቢያ መውጫው ጋር አንዱ ጨዋታ 75 ደቂቃ ይወስዳል። ሦስቱን በ7:30 ብትጀምሩ በ11:15 ታጠናቅቃላችሁ። በኅዳር ፀሐይ ከ12 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ ግማሽ ፍጻሜው ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ጭማሪና መለያ ምት ሊኖረው ስለሚችል ሁለተኛው ጨዋታ ከ9:15 በኋላ አይጀምር።

መነሻውን ጥቅምት አጋማሽ ላይ አድርጉት። መስከረም ላይ ሜዳው ገና ጭቃ ነው፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ በኋላ ደግሞ ገናና ጥምቀት ከተማውን ይይዙታል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ቢገባም እሑድ እስከ ከሰዓት የሚጾም ስለሌለ ተጫዋቾቹ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጨዋታው ሦስት ሰዓት ቀደም ብለው መብላት ይችላሉ። ረቡዕና ዓርብ ጨዋታ አታድርጉ።

ጥያቄ፦ በክረምት ውድድሮች አንዳንድ ቡድን ለፍጻሜ ሲደርስ ከሌላ ከተማ ጎበዝ ጎበዙን ያስመጣል። አየርላንድ ውስጥ ይህን የሚከለክለው ምንድን ነው? (ከቀበሌ 18)

ሁለት ነገር ነው፤ ምዝገባና ባህል። ተጫዋች የሚመዘገበው በአንድ ክለብ ብቻ ነው፤ ያም በአብዛኛው የተወለደበት ወይም የሚኖርበት አጥቢያ ክለብ ነው። ዝውውር ያለ ማኅበሩ ፈቃድ አይሆንም፤ የዝውውር ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ለካውንቲው የሚጫወት ዝነኛ ሰው በክለቦቹ ወቅት አብሮት ያደገው አናጢና መምህር ጎን ይሰለፋል። በደቡብ አርማ ያለችው ትንሿ ክሮስማግሌን አገር አቀፉን ዋንጫ 6 ጊዜ፣ የኮርኩ ኔሞ ሬንጀርስ 7 ጊዜ ያነሡት በዚህ ሥርዓት ነው።

በኬሪ ካውንቲ ያለው አሠራር በተለይ ትምህርት ይሰጣል። እዚያ የብዙ ትናንሽ ክለቦች ተጫዋቾች ተዋህደው እንደ ኢስት ኬሪ ያለ የአውራጃ ቡድን ይሠራሉ፤ የካውንቲውን ዋንጫም ሊወስድ ይችላል። በ1971 የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የክለቦች ዋንጫ ያነሣውም ኢስት ኬሪ ነበር። አሁን ግን እንዲህ ያለ የተጠራቀመ ቡድን በመንስተር ውድድር አይሳተፍም፤ ኬሪን የሚወክለው እውነተኛ ክለብ ነው። በ2022 ካውንቲውን ኢስት ኬሪ ወስዶ ወደ መንስተር የሄደው ኬሪንስ ኦራሂሊስ የተባለው የትራሊ ክለብ ሲሆን የመንስተርን ዋንጫም አነሣ።

ለእናንተ የሚከተለው ይበቃል። ቡድኑ እስከ 24 ስም ዝርዝር ከዕጣው በፊት ያስገባ፤ ከዕጣው በኋላ አንድም ስም አይጨመር። መስፈርቱ ትውልድ ይሁን መኖሪያ አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ሁለቱንም ከፈቀዳችሁ በሩን መልሳችሁ ከፈታችሁት። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ነገር ሁልጊዜ ስለሚያነጋግር አስቀድማችሁ ወስኑ። ፎቶና የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ ከዝርዝሩ ጋር ይያያዝ፤ ዳኛው ከጨዋታው በፊት ፊትና ፎቶ ያመሳክር። ክስ በጽሑፍ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከማስያዣ ገንዘብ ጋር ይቅረብ፤ ክሱ እውነት ከሆነ ገንዘቡ ይመለሳል። የሚፈርዱት ሦስት ሰዎች ከሁለቱ ቀበሌዎች መሆን የለባቸውም። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ጨዋታው በፎርፌ ለከሳሹ ይሰጥ። ድጋሚ ይጫወቱ ማለት አጥፊውን ሁለተኛ ዕድል መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ፍጻሜ ላይ ከ15 በላይ ሰው ሜዳ ገብቶ ነበር ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (ከአዘዞ)

እውነት ነው። ጃንዋሪ 22 ቀን 2023 የደብሊኑ ኪልማኩድ ክሮክስ የዴሪውን ግሌን 1-11 ለ 1-9 ባሸነፈበት ፍጻሜ፣ በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች ግሌን ከ45 ሜትር ሲመታ የኪልማኩድ ቅያሪዎች ገብተው የሚወጡት ገና አልወጡም ነበር። ግሌን ከሰሰ፤ የማኅበሩ ኮሚቴ ጨዋታው ይደገም አለ፤ ኪልማኩድ ይግባኝ ጠየቀ። በመጨረሻ ግሌን ክሱን ተወው፤ ዋንጫውም ኪልማኩድ ጋር ቀረ። ግሌን በዓመቱ ተመልሶ ኪልማኩድን በግማሽ ፍጻሜ ጣለ፤ በፍጻሜውም የሮስኮመኑን ሴንት ብሪጅድስን 2-10 ለ 1-12፣ ማለትም 16 ለ 15 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ክስ ትቶ በሜዳ መልስ የሰጠ ክለብ በመሆኑ ለግሌን ያለን አክብሮት ትልቅ ነው።

ለአዘጋጅ የሚጠቅመው ግን ስህተቱ የተፈጠረበት መንገድ ነው። ሰዓት ሲያልቅ አሰልጣኝ ሁለት ሰው በአንዴ ይቀይራል፣ ጩኸቱ ይደባለቃል፣ የሚወጣው ልጅ ስሙ መጠራቱን አይሰማም። አራተኛ ዳኛ መድቡ። የሚወጣውና የሚገባው ቁጥር በወረቀት ይሰጠው፤ የሚወጣው መስመሩን ረግጦ ሳይወጣ የሚገባው አይግባ። ዳኛውም የቆመ ኳስ ከማስመታቱ በፊት ሰው ይቁጠር።

አጭር ጥያቄዎች

*ተጫዋቾቹ ደመወዝ አላቸው?* የላቸውም። በአገሪቱ ትልቁ ስታዲየም የሚጫወቱትም ቢሆኑ አማተር ናቸው፤ ሰኞ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሣው ፋሲል ከነማ ጋር ማወዳደር የማይቻለውም ለዚህ ነው፤ የሚወዳደረው ከቀበሌ ቡድን ጋር ነው።

*ከእኛ ገና ጨዋታ ጋር ይመሳሰላል የሚባለው ይህ ነው?* አይደለም፤ ያ ኸርሊንግ ነው። በቆልማማ ዱላ ትንሽ ኳስ የሚመታበት፣ ያው ማኅበር የሚመራው ሌላ ጨዋታ ነው። ከገና ጋር በእርግጥ ይቀራረባል፤ ግቡና የነጥብ አቆጣጠሩ ግን ከ2 ነጥቡ ሕግ በቀር ከላይ እንደገለጽነው ነው።

*ሴቶች ይጫወቱታል?* በሰፊው። የሴቶቹ ማኅበር በ1974 ተመሥርቷል፤ የራሱ የካውንቲ፣ የክፍለ ሀገርና የአገር አቀፍ የክለቦች ውድድር አለው። ለጀማሪ የሚያቀሉ ሁለት ልዩነቶች አሉት፤ ኳሱ 4 ቁጥር ነው፣ ከመሬትም በእጅ በቀጥታ ማንሣት ይፈቀዳል። የትከሻ ግጭት የለም። ወንድና ሴት ተማሪ አብረው የሚለማመዱበት ትምህርት ቤት ከሆነ በሴቶቹ ሕግ ቢጀምሩ ጨዋታው ሳይቆራረጥ ይሄዳል፤ ከመሬት በእግር ማንሣቱን ከአንድ ወር በኋላ መጨመር ይቻላል።